የአማቴ ማዕድ ቤት

ሰኞ ማታ

ዛሬም ጨው ፍለጋ ስዞር ቆየሁ። በገዛ ቤቴ! ቤቴ ስል ራሴን ታዘብኩት፤ ቤቱ የአማቴ ነው። ማዕድ ቤቱ ደግሞ ከቤቱም በላይ የአማቴ ነው። ጨዉ ያለው የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ነው፤ ስኳሩ ጎኑ በተጨረማመተ የብስኩት ጣሳ፣ ሻይ ቅጠሉ ጆሮው በተሰበረ ኩባያ። ምን የት እንዳለ የሚያውቁት እሳቸውና ፈጣሪ ብቻ ናቸው።

አሠራሩን ልጻፈውና ይውጣልኝ። ምድጃው ከበሩ ጀርባ ነው። ዕቃ ማጠቢያው ከማዶ፣ መስኮቱ ሥር። መደርደሪያው በሌላ ግድግዳ ላይ፣ ፍሪጁ ጭራሽ ኮሪደር ላይ። ከምድጃው በስተቀኝ አንዲት የምትንቀጠቀጥ ትንሽ ጠረጴዛ አለች፤ ድስት ከእሳት ሲወርድ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። አንድ ሽንኩርት ለመጥበስ ቤቱን ማካለል ያስፈልጋል። ማን እንዲህ አቀደው ቢባል ማንም አላቀደውም። ዕቃው በመጣበት ቀን ያረፈበት ቦታ ላይ ቀረ፣ በቃ።

ስገባ እንደ ልማዳቸው «ማነው?» አሉ። ፊት ለፊታቸው ቆሜ!

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«እ፣ አንቺ ነሽ። ተዪው፣ እኔ እጨርሰዋለሁ። ደክሞሻል፣ አረፍ በይ።»

አረፍ በይ ማለት ውጪልኝ ማለት እንደሆነ ለማወቅ ምራት መሆን ይበቃል። የባለቤቴ አባት ሲሞቱ «ብቸኝነቱን እስኪለምዱት» ብለን ጓዛችንን ይዘን ገባን። እሳቸው ለመዱት። ያልለመድኩት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

ደወሉ ሳይደወል ቶሎ ልጻፍ። አዲሱ መሐንዲስ የሳሙና ማሸጊያ ክፍላችንን ገለባብጦ ጨረሰ። የፈረቃው ኃላፊ እኔ ሆኜ ሳያማክረኝ በመሥራቱ ደሜ ፈልቶ ነበር፤ ዛሬ ግን እጄን ሰጠሁ። ካርቶኑ በግራ፣ ሳሙናው ፊት ለፊት፣ ፕላስተሩ በቀኝ፤ ሁሉም ክንድ የሚደርስበት ቦታ ላይ። አብሮ የሚሠራ ዕቃ አብሮ ይቀመጥ፣ አለቀ። የክፍሉ ሠራተኞች መንከራተት ቀርቶላቸው ወገባችንን ማለት ትተዋል።

ይሄ ሰውዬ የአማቴን ማዕድ ቤት ቢያይ ራሱን ስቶ ይወድቃል።

ሐሙስ ማታ

በማሸጊያ ካርቶን ጀርባ ላይ ሣልኩት። ማጠቢያ፣ መክተፊያ፣ ምድጃ፤ በአንድ ግድግዳ በተርታ። ፍሪጁ ከኮሪደር ይገባና በሩ አጠገብ ይቆማል። ድስቶቹ ከምድጃው ሥር፣ ሳህኖቹ ከማጠቢያው በላይ፣ ቅመሙ መክተፊያው ሥር መሳቢያ ውስጥ። ምድጃው የተርታው መጨረሻ ነው፤ ከሱ በስተቀኝ ያቺ የምትንቀጠቀጥ ጠረጴዛ አትኖርም፤ ሰው እንደልቡ ይተላለፍበታል። ዕቃ ከገበያ ይገባል፣ ይታጠባል፣ ይከተፋል፣ ይበስላል። ወደ ኋላ መመለስ የለም። ስጨርስ እንደ ልጅ ካርቶኑን አራቅ አድርጌ አየሁት። እንዲህ ደስ ካለኝ ስንት ጊዜዬ ነው!

ባለቤቴ ከመንገድ ገባ። የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ቤቱን የሚያውቀው እንደ ሆቴል ነው፤ ይበላል፣ ይተኛል፣ ይሄዳል። ካርቶኑን ዘቅዝቆ ያዘው።

«ቆንጆ ነው። እማዬ ምን አለች?»

«ገና አልነገርኳቸውም። ዘቅዝቀህ ነው የያዝከው።»

«ሁለቱም ያው ነው። ብቻ እንዳታስቀይሚያት።»

እኔ ስቀየም ማን ጠይቆ ያውቃል? እሱ እንደሆነ አይሞቀው አይበርደው።

ቅዳሜ

ምሳ ላይ ምስሩ ውስጥ ጠጠር ነከስኩ። ልጃቸው «እማዬ የለቀመችው ምስር ውስጥ ጠጠር ተገኝቶ አያውቅም» እያለ ነው ያደገው። ታዲያ እኔ ሳህን ውስጥ ማን ከተታት? ጠጠሯን እንድትታይ ሳህኔ ጠርዝ ላይ ጉብ አደረግኳት። አማቴ ያላዩ መስለው «ጨመር ላድርግልሽ?» አሉኝ። እንዲህም አድርጎ መናቅ አለ።

የመብራቱ ነገር ደግሞ አለ። በድንግዝግዝ ነው የሚያበስሉት። ሳበራ «ምን ያደርግልሻል?» ይላሉ። ስስት ነው። ጠረጴዛ ካጸዳሁ በኋላ በመዳፋቸው ከዳር እስከ ዳር ይዳስሱታል፤ ፍርፋሪ ሊያስይዙኝ። ሻይ ሲቀዱልኝ ጣታቸውን ኩባያው ከንፈር ላይ አንጠልጥለው ነው።

እሑድ

ዋርሳዬ መጣች። የባለቤቴ ታናሽ እህት ናት፤ ሌላ ሠፈር ፎቅ ላይ ትኖራለች፤ ደረጃውን እያማረረች ሽቅብ ቁልቁል ማለት ነው ሥራዋ። በመጣች ቁጥር እናቴን ልውሰድ ትላለች። ጓሮ ልብስ ሳሰጣ በመስኮቱ ይሰማኝ ነበር።

«እማዬ፣ እዚህ ምን ያንገላታሻል? እኔ ጋ ቁጭ በይ። ሁሉ ነገር እጅሽ ድረስ ይመጣልሻል።»

«ወንበር ላይ አስቀምጠሽ ልታጎርሺኝ?»

«ምን አለበት ታዲያ? አንቺስ አጉርሰሽኝ የለ?»

«እጄ እየሠራ የማንም ሸክም አልሆንም። እዚህ ለልጄ አበስላለሁ። ማብሰል ያቃተኝ ቀን ያኔ ነይና ውሰጂኝ፤ እንቢ አልልሽም።»

ለልጄ አሉ። እኔ አየር ነው የምበላው።

ማብሰል ያቃተኝ ቀን። ልብሱ አልቆ ባዶውን ቅርጫት እንደያዝኩ ትንሽ ቆየሁ።

ረቡዕ

አናጺው መጥቶ ለካ። ሠፈሩ ሁሉ «ነገ» ብሎ ነው የሚጠራው፤ መቼ ትጨርሳለህ ሲባል ሌላ መልስ ስለማያውቅ። ዛሬ ግን ቃሉን ጠብቆ መጣ፤ እኔ ራሴ ደነገጥኩ። ካርቶኑን አይቶ «እትዬ፣ ይቺማ የኔን ሥራ ጨርሳልኛለች» አለ። ካቢኔቶቹን ያለ እጀታ እንሥራቸው ብሎ አሳመነኝ፤ ፊታቸው ልሙጥ ነው፣ ገፋ ሲያደርጓቸው ይከፈታሉ። ልብስም አይዝም፣ ቆሻሻም አይቋጥርም።

አማቴ ገቡ። «ማነው?» «አናጺው ነኝ፣ እናታችን» ብሎ እጁን ዘረጋ። አማቴ ፈገግ ብቻ አሉ። እጁ እንደተዘረጋ ቀረ፤ ምስኪን፣ ሱሪው ላይ ጠርጎ መለሰው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሜትሩን አይተው ነገሩ ገብቷቸዋል፤ በሱ ላይ ተወጡት ማለት ነው።

ዓርብ

ፋብሪካው መብራት ጠፍቶ በጊዜ ለቀቁን። ጫማዬ ጭቃ ስለነበር በር ላይ አወለቅኩ። ማዕድ ቤቱ በር ላይ ደረስኩ። አማቴ ድንች ይልጣሉ። ቀና አሉ። ዓይናቸው ዓይኔ ላይ አረፈ።

«ማነው?» አላሉም።

ለምን ዝም ብዬ እንደቆምኩ አላውቅም። እጄን አነሳሁ። አወዛወዝኩት። ወደ ድንቻቸው ተመለሱና ለራሳቸው አወሩ። «ያቺ ምስኪን ቀኑን ሙሉ ቆማ ውላ ነው የምትመጣው። ሳትደርስ ልጨርስላት።»

ውሃ እንኳ ሳልጠጣ ወጣሁ። ገበያውን ዞርኩ፣ ምንም አልገዛሁም። በሰዓቴ ተመለስኩ።

ማሰብ አልፈልግም።

ቅዳሜ ጠዋት

የብርሃን ማነስ ነው። መስኮቱ ጠባብ ነው፤ ብርሃን ከጀርባው ሆኖ በር ላይ የቆመ ሰው ፊቱ ይጨልማል። እኔም ብሆን ላላይ እችል ነበር። ማዕድ ቤቱ መታደስ ያለበት ለዚሁ አይደል?

አናጺው ነገ ጋ ደወልኩ። የሚቀጥለው ወር ያልከውን ተወው፣ በዚህ ሳምንት ጀምር አልኩት። «ምነው እትዬ፣ ሠርግ አለ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ሰኞ ማታ

ነገርኳቸው። ጩኸት ጠብቄ ነበር፤ ለጩኸት መልሴን አዘጋጅቼ ነው የገባሁት። አልጮሁም። ፊታቸው ግን አመድ መሰለ።

«ሁሉንም ነው የምትቀይሪው?»

«ሁሉንም፣ እማማ። እንዲቀልዎት ነው። ሁሉም በተርታ ይሆናል።»

እጃቸው ወደ ጎን ሄዶ የዚያችን ጠረጴዛ ጠርዝ ያዘ። ድስቱ ይንተከተካል። እኔ ወጥቼ ልሂድ ስል፣

«ልጄ ተስማማ?»

«አዎ።»

«እንግዲህ ቤቱ የናንተም ነው። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ዕቃው ሲደረደር እኔ ልኑር። በገዛ እጄ ላስቀምጠው።»

«እሺ፣ እማማ።»

«ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ስንት ዓመት ስኖር ለምነውኝ አያውቁም። ተሸነፉልኝ ብዬ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ምኑም ደስ አላለኝም፤ ይሄንንም አበላሹብኝ።

ረቡዕ፣ እየቸኮልኩ

ባለቤቴ ጫማውን እያሰረ «እማዬ ዓይኗ ደህና ነው? ትላንት ስልኬን ሰጥቻት ጀርባውን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው» አለኝ።

«ካንተም ከእኔም የተሻለ ያያሉ። ምስር ይለቅሙ የለ እንዴ?»

«እሱስ ነው» ብሎ ሄደ። ረጅም መንገድ ነው የያዘው።

ምሳ ሰዓት

ጠዋት እንዲያ ያልኩት ስለቸኮልኩ ነው። ደግሞስ ብነግረው ምን ሊሆን ነው? ሐኪም ይባላል። ዋርሳዬ ትጠራለች። ማዕድ ቤቱ ባለበት ይቁም፣ አንዲት ማንኪያ እንዳትነካ ይባላል፤ እኔም ዕድሜ ልኬን በጣሳ መሃል ስደናበር እኖራለሁ። ወይ ደግሞ ይወሰዳሉ፤ ያን ጊዜ ምራታቸው አባረረቻቸው ይባላል። የማን አፍ ይዘጋል? ማብሰሉን በራሳቸው ጊዜ ቢተዉት ግን ማንም ማንንም አይወቅስም።

ይሄን የምለው አያዩም ብዬ አይደለም። እንዲያው ነው።

ዓርብ

አናጺው ነገ ግድግዳ ማፍረስ ጀመረ። ቤቱ አቧራ በአቧራ ሆነ። አማቴ ደጅ ተቀምጠው ያስላሉ። ዋርሳዬ ጋ ደወልኩ፤ እስኪያልቅ አንቺ ጋ ይሰንብቱ አልኳት። በደስታ እየበረረች መጣች።

መኪና ውስጥ ሲገቡ ክንዴን ያዙኝ። «ለድርደራው ጥሪኝ፤ አትርሺ።»

«ምን በወጣኝ እረሳለሁ!»

እሑድ

ደረደርኩት። ለብቻዬ።

ልጠራቸው ስልኩን አንስቼ ነበር። ቢመጡ ግን ጨዉ በስተግራ ይሁን፣ ጣሳው ይቅር አይጣል፣ ይቺ ጠረጴዛ ትመለስ ይሉኛል፤ አውቃቸዋለሁ። ያን ሁሉ ከደከምኩ በኋላ መልሶ የሳቸው ማዕድ ቤት ሊሆን ነው። አቧራውም ገና አልጠፋም፣ ሳላቸው ይነሳባቸዋል።

ለቅመሙና ለእህሉ አንድ ዓይነት ብርጭቆ ማሰሮ ገዛሁ፤ ሁሉም አንድ ልክ፣ ክዳናቸውም አንድ ዓይነት። በላያቸው ላይ በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ ጻፍኩባቸው። ጨው። ስኳር። ሩዝ። ምስር። ተደርድረው ሲታዩ ወታደር ይመስላሉ። ጣሳዎቹን ሁሉ ማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ከትቼ ለአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢው ሰጠሁት። የምትንቀጠቀጠዋን ጠረጴዛም ጨመርኩለት። «እትዬ፣ ይቺ እኮ ገና ትሠራለች» አለ። ውሰዳት አልኩት።

ማክሰኞ

መጀመሪያ ያበሰልኩበት ቀን። ካሮት ታጠበ፣ ተከተፈ፣ ወደ ድስቱ ገባ። ዞር ማለት የለ፣ ጎንበስ ቀና የለ፣ «ማነው?» የለ። ሾርባውን ጨርሼ ጊዜ ተረፈኝ፤ ምን እንደማደርግበት ጠፋኝ። ባለቤቴ መንገድ ላይ ነው። ብቻዬን በላሁ። ጨው አንሶት ነበር። አሪፍ ማዕድ ቤት ነው፤ ጎረቤቶች ቢያዩ በቅናት ዓይናቸው ደም ይለብሳል።

ቅዳሜ

ተመለሱ። ዋርሳዬ በሩ ላይ ቆማ «ውይ! መጽሔት ላይ ያለ ነው የሚመስለው!» ብላ ጮኸች። አማቴ በሷ ክንድ ተደግፈው ገቡ።

«እንዴት ያምራል» አሉ። ወደ ፍሪጁ ዞረው።

ከዚያ እጃቸውን ወደ በሩ ጀርባ ሰደዱ። ግድግዳ ነው። መዳፋቸውን እዚያ ለጥፈው ቆሙ፤ የተሳሳተ በር አንኳኩቶ እንደቆመ ሰው።

«ደረደርሽው?» አሉኝ ዋርሳዬ ስትወጣ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ።

«አቧራው... ሳልዎ እንዳይነሳ ብዬ ነው፣ እማማ።»

«ደግ አደረግሽ። እለምደዋለሁ።»

ሰኞ

ገና ሳይነጋ ማዕድ ቤት ውስጥ ድምፅ ሰማሁ። የካቢኔት በር ሲከፈት፣ ሲዘጋ። ቀጣዩ ሲከፈት፣ ሲዘጋ። ዳር እስከ ዳር። ከዚያ ከመጀመሪያው እንደገና። ማሰሮ ሲከፈት፣ ሲሸተት።

አልተነሳሁም። የፈረቃ ሰው እንቅልፍ ያስፈልገዋል።

ረቡዕ

ጨው የገባበት ሻይ። ሳቁ፣ «እጅ ነው፣ ይሳሳታል» አሉ። ግንባራቸው ላይ እብጠት አለ። ክፍት የተተወ የካቢኔት በር ነው። እኔ ነኝ ክፍት የተውኩት? ሊሆን ይችላል። ሥራ በዝቶብኛል።

ሐሙስ

ዛሬ ማዕድ ቤት አልገቡም። አልጋቸው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ዋሉ። እራት እኔ ሠራሁ። «እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። ይኸው፣ በራሳቸው ጊዜ ተዉት። ይሄን ነው የፈለግኩት። ታዲያ ምነው ሳህኔን ሳልጨርስ አነሳሁት?

ሲነጋ ለባለቤቴ ልንገረው ብዬ አሰብኩ። እሱ ደግሞ መንገድ ላይ ነው።

ቅዳሜ

እግራቸው ተቃጥሏል። ሐኪም ቤት ነን። በኋላ እጽፋለሁ።

እሑድ ማታ

ልጻፈው።

ባለቤቴ ትላንት ሲገባ አማቴ ኮቴውን ሰምተው ከአልጋቸው ተነሱ። «ልጄ መጣ፣ ሾርባ ልሥራለት» አሉ። እኔ ልሥራ ብላቸው «ተዪው፣ አረፍ በይ» አሉኝ። ደስ ብሏቸው ነበር፤ ደስታው ነው ያዘናጋቸው። ሽንኩርቱን በጣታቸው እየለኩ ከተፉ፣ ጨዉን ቀምሰው ጨመሩ። አንድም ነገር አልሳቱም። እኔ ማጠቢያው ጋ ሳህን አጥባለሁ።

ድስቱን በጨርቅ ይዘው ከእሳቱ አነሱት። ወደ ቀኝ ዞሩ። ያቺ ጠረጴዛ በነበረችበት ወገን፣ በልኳ ከፍታ፣ አየሩ ላይ ቀስ አድርገው አስቀመጡትና ለቀቁት።

አይቼ ነበር። መዞር ሲጀምሩ አይቼ ነበር። አፌ ተከፈተ። ምን ብዬ ልጩህ? «ጠረጴዛ የለም!» ብዬ? እንዲያ ብዬ ብጮህ እንደማያዩ አውቅ ነበር ማለት ነው። ይሄ ሁሉ ሐሳብ በዚያች ቅጽበት ውስጥ እንዴት እንደተጨናነቀ ፈጣሪ ይወቅ። ድምፄ የወጣው ድስቱ ወለሉ ላይ ካረፈ በኋላ ነው።

አልጮሁም። «ልጄ እንዳይረግጠው! ይፈጃል!» ነው ያሉት።

ሐኪሟ እግራቸውን አክማ ስትጨርስ ቀና ብላ አየቻቸው፤ ትንሿን ባትሪ አወጣች። «እናታችን፣ ይሄ ስንት ጣት ነው?» ባለቤቴ «እማዬ?» አለ። «እማዬ፣ ስንት ነው?» አማቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

የዓይን ውስጥ ግፊት ነው አለች ሐኪሟ። የሄደው አይመለስም። ቀደም ብለው መጥተው ቢሆን የቀረውን ማትረፍ ይቻል ነበር።

«ምን ያህል ቀደም ብለን?» አለ ባለቤቴ። እንደዚያ ሲል ሰምቼው አላውቅም።

«ወራት።»

ወራት አለች። ሳምንታት አላለችም። ጆሮዬን ተክዬ ነው የሰማኋት።

ማክሰኞ

ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ። ባለቤቴ መንገድ ቀርቶበት እዚህም እዚያም ይቀመጣል። «ስልኩን በግልባጭ የያዘች ቀን ነግሬሽ ነበር፤ አጥብቄ መጠየቅ ነበረብኝ» ይላል። እኔን አይደለም የሚወቅሰው፣ ራሱን ነው። ምን ብዬ እንደመለስኩለት እንኳ ረስቶታል። ላስታውሰው?

ዋርሳዬ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። «የወለደችን እኛ ያላወቅነውን አንቺ በምን ታውቂያለሽ? እንዲህ ያለ የሚያምር ማዕድ ቤት ሠርተሽላት!» ጀርባዋን እየደባበስኩ አጽናናኋት። እኔ እሷን! እዚያው ትከሻዋ ላይ እንዳለሁ «ዝም በይ፣ ዝም በይኝ» ልላት ፈለግኩ፤ እሷ ግን ማጽናኛ ይመስላት ነበር።

ሐሙስ

አማቴ ነገ ይወሰዳሉ። ማንም አላስገደዳቸውም። ራሳቸው ናቸው «ማብሰል ያቃተኝ ቀን ብዬ አልነበር?» ያሉት። ባለቤቴ ሻንጣውን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረደ።

ማዕድ ቤቱ ንጹሕ ነው። ማንም አያበስልበትም። ዳቦ ነው የምንበላው፤ ቆመን።

ዓርብ

ሻንጣቸውን እኔ ላዘጋጅ አልኩ። ቀሚሶቹን እያጠፍኩ ሳለ አማቴ ልጆቻቸውን «እስቲ ከምራቴ ጋር ተዉን» አሉ። ወጡ። በሩ ተዘጋ። አሁን መጣ ብዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። እውነቱን ለመናገር ቀለል ሊለኝም ነበር። ይናገሩኝ፣ ይሳደቡ፣ ይርገሙኝ ብዬ ተዘጋጀሁ።

እጃቸው ፈልጎ ፈልጎ እጄን አገኘው።

«ያን ቀን ድንች ስልጥ በሩ ላይ ቆመሽ ነበር። አላየሁሽም። ስትወጪ ግን የአጥሩ በር ሲዘጋ ሰማሁ፤ የሳሙናሽም ሽታ ቤት ውስጥ ቀርቶ ነበር። ያኔ አወቅሽብኝ።»

ጣቶቼን ጨበጥ አደረጉ።

«ማታ ለልጄ ትነግረዋለች ብዬ ጠበቅኩ። በነጋታውም ጠበቅኩ። አልነገርሽብኝም። አንድ ቀን ስለ ዓይኔ ሲጠይቅሽ ‹ካንተ የተሻለ ያያሉ› ስትይው ከዚህ ሆኜ ሰምቻለሁ። አለቀስኩ። የወለድኳት ልጅ ብታውቅ በዚያው ቀን አንጠልጥላ ትወስደኝ ነበር። አንቺ ግን ሸሸግሽኝ። ትንሽ ጊዜ ማዕድ ቤቴ ውስጥ አቆየሽኝ።»

«እማማ...»

«ቆይ ልጨርስ። ከዚያ ደግሞ ደክሞሽ እያለ ያን ሁሉ ለፋሽ፣ እንዲቀለኝ ብለሽ፣ ሁሉን በተርታ አደረግሽልኝ። ድርደራውንም ሳትጠሪኝ የቀረሽው ለሳሌ አስበሽ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ጭንቅላቴ መልመድ አቃተው። ይሄ እግር ባይቃጠል ኖሮ እለምደው ነበር። እንግዲህ አንቺ አብስዪበት።»

አሁን ልንገራቸው አልኩ። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ያንን ብነግራቸው ከዚህ ቤት ይዘው የሚወጡት ምን ይቀራቸዋል? እንዲህ ብዬ ነው የተውኩት። ወይም ፈርቼ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ለዚህ ደብተር እንኳ አልጽፍም።

ራሴ ላይ እጃቸውን ሊጭኑ መጀመሪያ በስህተት ትከሻዬን፣ ቀጥሎ ጸጉሬን አገኙ። ከዚያ መረቁኝ። ረጅም ምርቃት ነበር፤ ቤትሽ ይሙቅ አሉ፣ ማዕድሽ ይባረክ አሉ፣ እኔን እንዳየሽኝ የሚያይሽ አይጥፋ አሉ።

እኔም በየመሃሉ አሜን፣ አሜን እያልኩ ልብሱን ማጠፌን ቀጠልኩ።